ሰባተኛው መሰኪያ

ሰኔ 12 ቀን 2016

የጣቢያው መዝገብ ከእንግዲህ በእጅ አይጻፍም ተባልን። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ «መስመር ተቋረጠ፣ መስመር ተመለሰ» እያልኩ የጻፍኩትን አሁን ኮምፒውተር ይጽፈዋል። እጄ ሥራ ፈታ፤ ይህን ደብተር ገዛሁ።

ከመቱ ወጣ ብላ ያለችው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያችን ዲጂታል ሆናለች። ክንድ የሚያህለው የመዳብ ኬብል ተነቅሎ ፀጉር በሚያህል የመስታወት ክር ተተካ። ሪሌ የምንለው የመስመር ጠባቂ ድሮ አደጋ ሲያይ መብራቱን የሚቆርጠውን ብሬከር በሽቦ «ቁረጥ» ይለው ነበር። አሁን መልእክት ይልክለታል። መልእክቱ በሰከንድ ሺኛዎች ውስጥ ካልደረሰ እንደ ዘገየ ይቆጠራል። በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ እንዲህ ያለ ጥድፊያ ታይቶ አይታወቅም።

ነገሩን አሳምራ የምታውቀው ሚስኪ ናት። የጎሬ ልጅ፣ ወጣት መሐንዲስ፣ የሙከራ ጊዜዋ ጳጉሜ ላይ የሚያበቃ። እኔ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ፤ ማለትም እሷ ስታስረዳ ራሴን የምነቀንቀው እኔ ነኝ።

አለቃችን አቶ መገርሳ አርብ እንግዳ ስለሚመጣ የአጥሩ ካሜራ ከመቆጣጠሪያ ክፍል እንዲታይ አዘዙ። ካሜራው የራሱ መስመር ተመድቦለታል፤ ግን እስከ ቢሮው ድረስ ቦይ መቆፈር አለበት፣ ዝናቡ ደግሞ አያስቆፍርም። አራተኛው ካቢኔት ውስጥ መልእክቶቹን የሚያከፋፍል ስዊች የሚባል ሳጥን አለ። ሰባተኛው መሰኪያው ባዶ ነበር። ዘበኛችን አራርሳ መሰላሉን ያዘልኝ፣ ኬብሉን አወረድኩ፣ ለጊዜው እዚያ ሰካሁት። ምስሉ ጥርት ያለ ነው። አቶ መገርሳ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ሰኔ 14

እንግዳው አልመጣም።

ሰኔ 27

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ መብራት ሄደ። ዛፍ አልወደቀም፣ መብረቅ የለም። በሩብ ሰዓት መለስነው። ኮምፒውተሩ መዝገብ ላይ «ግንኙነት ጠፋ» ብሎ ጽፏል። እኔ በእጄ ስጽፍ ቢያንስ ምክንያት እፈጥርለት ነበር።

ሐምሌ 6

በዚህ ሳምንት ሦስተኛው። ሁለቱ አመሻሽ ላይ፣ አንዱ ጠዋት ሁለት ሰዓት።

ባለወፍጮው ነዚፍ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አብረን ነው የተማርነው፤ ስለዚህ ይሉኝታ የለውም። «ዲቤ፣ የድሮው መብራት ሲሄድ ድርግም ድርግም ብሎ ይሰናበት ነበር። ይኼ ያንተ አዲሱ ግን ብድር እንዳለበት ሰው ሹልክ ነው የሚለው» አለኝ። እህል ይዘው ወረፋ የቆሙት ሴቶች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

ሚስኪን ጠየቅኋት። «ጋሼ፣ ብሬከሩ ከሪሌው ሳያቋርጥ ‹አለሁ፣ አለሁ› የሚል ቃል ይሰማል። ካልሰማ ቆርጦ ይጠብቃል። እንደዚያ ያደረግኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን እንደዚያ አደረግሽ?»

«ሪሌው ዝም ካለ ወይ ሞቷል ወይ ታፍኗል። ያኔ ዳሪሙ መንገድ ላይ ሽቦ ቢወድቅ ማን ይቆርጠዋል? እዚያ እኮ ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው።»

ራሴን ነቀነቅሁ።

ሐምሌ 15

አራርሳ መቆጣጠሪያ ክፍል ድረስ መጥቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ «ጋሼ፣ ጀልዴሲ ዱፌ፣ መብራቱም ሄደ» አለኝ። ዝንጀሮዎቹ ሲመጡ መብራት ይሄዳል ማለቱ ነው። በቆሎው እሸት ሊሆን ስለተቃረበ ጠዋትና ማታ በአጥራችን ሥር ያልፋሉ።

«ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል?» አልኩት።

«ማገናኘቱ የናንተ ሥራ ነው። እኔ ዘበኛ ነኝ፤ ያየሁትን ነው የምናገረው።»

ምሳ ላይ ለሰው አወራሁት። ጥሩ ተሳቀ። ሚስኪ ብቻ አልሳቀችም፤ ማስታወሻዋን አውጥታ ሰዓቱን ጻፈች።

ሐምሌ 24

ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የካሜራውን ምስል እያየሁ ነበር። ሃምሳ ያህል ናቸው። ሽማግሌው ከፊት፣ እናቶቹ ልጅ አዝለው ከኋላ፤ ከኛ ስብሰባ ይልቅ ሥርዓት አላቸው። ምስሉ መጀመሪያ ጥርት አለ፣ ቀጥሎ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ የከተማው መብራት ሄደ።

ማታ የካሜራውን መመሪያ አነበብኩ። እንቅስቃሴ ሲያይ ምስሉን አብዝቶ እንደሚልክ ተጽፏል። ብዙ እንቅስቃሴ ካየ እጅግ አብዝቶ።

ዛሬ ሌላ የሚጻፍ ነገር የለም።

ነሐሴ 2

ስብሰባ። አንዲት አዋላጅ በስልክ መብራት እንዳዋለደች ተነገረን። ልጅም እናትም ደህና ናቸው። ስሙን ምን አሉት ብሎ የጠየቀ አለ፤ አቶ መገርሳ አልወደዱትም።

«ሚስኪ፣ ያንን ‹ካልሰማህ ቁረጥ› የሚለውን ነገር አንሺው» አሉ።

«በጽሑፍ ይስጡኝ።»

በሃያ ስድስት ዓመት ትእዛዝ በጽሑፍ ይሁንልኝ ያለ ሰው ያየሁት ሁለቴ ነው፤ አንደኛው በማግስቱ ተዛውሯል።

«ይጻፍላታል» አሉ አቶ መገርሳ። አጣሪ ኮሚቴም ይቋቋማል። የልጅቷ ቋሚነት በኮሚቴው ውጤት ይታያል።

ነሐሴ 6

ሚስኪ ካቢኔቶቹን በየቀኑ አንድ አንድ እየከፈተች ኬብል ልትቆጥር ነው። የኬብል ሥዕሉን ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። ሥዕሉ ላይ ሰባተኛው መሰኪያ ባዶ ነው። ሥዕሉን የማድሰው እኔ ነኝ።

ዛሬ አንደኛውን ጨረሰች።

ነሐሴ 8

ሦስተኛውን ጨረሰች። ነገ አራተኛው።

ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። እናቴ ይህን ስትል ላሟ ታሳዝነኝ ነበር። ላሟ ግን ቢያንስ ልጇን አልካደችም።

ነሐሴ 9

ሚስኪ ለምሳ ስትወጣ አራተኛውን ካቢኔት አቧራ አራገፍኩ። ከዚያ ካሜራው ምስል አቆመ። ዝናብ ገብቶበት ይሆናል ብዬ አስመዘገብኩ።

ከሰዓት በኋላ የአቶ መገርሳ ደብዳቤ መጣ፣ ማኅተም ያለው። ሚስኪ ሁለቴ አንብባው ፈረመች፤ ብሬከሩንም ካልሰማ ዝም እንዲል አደረገችው። አራተኛውንም ካቢኔት ከፍታ ቆጥራለች። ከሥዕሉ ጋር ልክ ነው አለችኝ።

ነሐሴ 14

አምስት ቀን መብራት አልሄደም። ነዚፍ ከወፍጮው ጩኸት በላይ «የኛ ጀግና!» ብሎ ጮኸልኝ። ከሱ ስድብ ለምጄ ኖሮ ምስጋናው አልተመቸኝም።

አቶ መገርሳ ደስ ብሏቸዋል። «አየሽ ሚስኪ? ደብዳቤዬ በደረሰ ቀን ቆመ። የአንቺ ጥንቃቄ ነው ስንት ጊዜ ያጨለመን።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። እውነት ለመናገር ያሰብኩት ነገሩ ጸጥ ይላል ብዬ ነው። ጸጥ አለ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ የሚባለው ለካ የብብቱ የራስ ሲሆን ነው፤ እኔ የጣልኩት የሰው ነው።

ሚስኪ ደግሞ ደስ አላላትም። «ጋሼ፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ የቆመ ነገር ያስፈራኛል። ሲቋረጥ ቢያንስ ይታየኝ ነበር» አለችኝ።

ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። ፈትለወርቅ ቆረበች፤ አሥራ አምስቱንም ቀን አብሬያት ጾሜ ነበር። እኔ አልቆረብኩም። ጉንፋን ይዞኛል አልኳት። ባለቤቴ ናት፤ ሲያስለኝና ሳያስለኝ ለይታ ታውቃለች።

ነሐሴ 19

ስዊቹ የራሱ ማስታወሻ አለው ለካ። ከኔ ያጠረ፣ ከኔ የታመነ።

ሚስኪ ከሰዓት በኋላ አንዲት ወረቀት ይዛ ገባች። ማሽኑ በፈረንጅ ቀን የጻፈውን በእስክርቢቶ ወደ እኛ መልሳዋለች። ሁለት መስመር ናት፦ ሰባተኛ መሰኪያ፣ ሰኔ 12 ተሰካ። ሰባተኛ መሰኪያ፣ ነሐሴ 9፣ ስድስት ሰዓት ከአርባ ተነቀለ።

ወረቀቷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፣ አልተቀመጠችም። «ጋሼ፣ እዚህ ላይ ምን ተሰክቶ ነበር?»

«ያኔ ኮንትራክተሮቹ ነበሩ መሰለኝ» አልኩ።

አየችኝ። ቶሎ የሚያልቅ አስተያየት አልነበረም። «ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይም ኮንትራክተር ነበር?»

«እንጃ እንግዲህ።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ወረቀቷን ግን አልወሰደችም። እዚያው ትታልኝ ወጣች።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የተናገረው ሰው መቱ ክረምት ከርሞ አያውቅም። እዚህ የማይነቅዝ፣ የማይሻግት ነገር የለም።

ነሐሴ 24

አቶ መገርሳ ለሚስኪ ወረቀት አዘጋጅተዋል። «የመቋረጡ ምክንያት የኔ የአሠራር ስህተት ነው፤ ትምህርት ወስጃለሁ» ይላል። ትፈርምና ቋሚ ትሆናለች። ክፉ ሰው አይደሉም፤ መውጫ ነው የሰጧት።

አልፈረመችም። «ያላጠፋሁትን ዛሬ ብፈርም፣ ነገ ያጠፋሁትን ብናገር ማን ያምነኛል?» አለች። «ደግሞ ብፈርም ያ ጥበቃ ለሁልጊዜ እንደተነሣ ይቀራል።»

በሪፖርቷ ላይ «ማንነቱ ያልታወቀ መሣሪያ ተሰክቶ ነበር» ብላ ጽፋለች። አቶ መገርሳ ያልታወቀ የሚባል ነገር ለበላይ አይላክም አሉ። ረቡዕ ኮሚቴው ይወስናል። አልፈርምም ካለች ስንብት ነው።

ማታ ፈትለወርቅ ጠየቀችኝ። ወሬው ገበያ ደርሷል።

«ያቺ የጎሬ ልጅ ምን አጥፍታ ነው?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ትባረራለች?»

«ምንም እንዳላጠፋች ማስረጃ የላትም።»

«አንተስ?»

«እኔስ ምን?»

«አንተስ ምን አጠፋህ? ከፍልሰታ ወዲህ ግድግዳ ታያለህ።»

እራት አቅርቢ አልኳት። አቀረበች። እሷ ግን አልበላችም።

ነሐሴ 26

ጠዋት በር ላይ አራርሳን ሰላም ስለው እንደወትሮው አልሳቀም። ምነው አልኩት። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ። ለሚስኪ ነግሬያታለሁ።»

«ምኑን?»

«መሰላሉን። የካሜራውን ገመድ ሲያወርዱ የያዝኩልዎት እኔ ነኝ እኮ። ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።»

«መቼ?»

«ያንን ወረቀት ይዛ እርስዎ ጋ የገባች ቀን። ጠዋት።»

ጠዋት። እኔ ጋ የገባችው ከሰዓት በኋላ ነው። እንግዲህ የመጣችው ልትጠይቀኝ አልነበረም። እያወቀች ነው የመጣችው። ታላቅን ሰው ፊት ለፊት «እርስዎ ነዎት» አይባልም፤ በሩን ከፍተው ይቆሙለታል፣ ራሱ እንዲገባ። በሩን ከፍታልኝ ቆመች። እኔ ኮንትራክተር አልኳት። ሪፖርቷ ላይም ስሜን አልጻፈችም። ሥራዋን ልታጣ ነው፣ አሁንም ስሜን አልጻፈችም።

አልፌው ገባሁ። አራርሳም ባርኔጣውን መልሶ አደረገ።

ነሐሴ 29

ረጅም ቀን።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ አቶ መገርሳና ከበላይ የመጡ ሁለት። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ምንዳዬ ይባላሉ፤ ብዙ የማይናገሩ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው የሚያዩ። ሚስኪ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣለች። እኔ አልተጠራሁም። አንኳኩቼ ገባሁ።

ሰኔ 12 የካሜራውን ኬብል ሰባተኛው መሰኪያ ላይ የሰካሁት እኔ ነኝ፣ ነሐሴ 9 የነቀልኩትም እኔ ነኝ አልኩ። ዝንጀሮዎቹ ሲያልፉ ካሜራው የመልእክቱን መስመር በምስል ያጥለቀልቀዋል፤ የሪሌው ቃል ከወረፋ ኋላ ይቀራል፤ ብሬከሩ ሞቷል ብሎ ይቆርጣል። የልጅቷ አሠራር ትክክል ነው። ሁሉንም ቆሜ ተናገርኩ።

ምን እሆናለሁ ብዬ ነበር? ቁጣ ጠብቄ ነበር። ወይዘሮ ምንዳዬ ፈገግ አሉ።

«አቶ ዲበኩሉ፣ ለወጣት ማዘንዎ ያስመሰግናል።»

«እኔ አላዘንኩም።»

አቶ መገርሳ ጣልቃ ገቡ። «ጋሼ ዲበኩሉ ሆዱ ባብቶ ነው። እንደ ልጁ ነው የሚያያት። እኛም ይገባናል።»

«ከተማውን ያጠፋው ዝንጀሮ ነው እያሉን ነው?» አሉ ሁለተኛው ሰውዬ።

«ዝንጀሮው አልሰካም። እኔ ነኝ የሰካሁት።»

ጥፋቴን ደብቄ ስኖር ሰው ሁሉ አመነኝ። ስናገር የሚያምነኝ አጣሁ። አሁንስ ምን ላድርግ ብዬ ቆሜ ሳለ ሚስኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች። ወደ እኔ አላየችም።

«መልሰን እንሰካውና እንይ» አለች። «የማንንም መብራት አናጠፋም። የ‹ቁረጥ› ትእዛዙን ከብሬከሩ ለይቼ አንዲት መብራት ላይ አደርገዋለሁ። መብራቷ ከበራች ብሬከሩ ይቆርጥ ነበር ማለት ነው።»

ኬብሉን እኔ ሰካሁት። እሷ ከኋላዬ ቆማ አየች።

ከዚያ ሦስት የኮሚቴ አባላት፣ አንድ መሐንዲስና አንድ ጥፋተኛ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ዝንጀሮ ጠበቅን። በቃለ ጉባኤ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። አሥር ሰዓት ተኩል። ሻይ መጣ። አሥራ አንድ ሰዓት። የሉም። ሁለተኛው ሰውዬ ሰዓታቸውን አዩ። አቶ መገርሳ «ዛሬ ዓመት ፈቃድ ወጥተው ይሆናል» አሉ፤ ማንም አልሳቀም። ከመጡ እኔ አለቀልኝ። ካልመጡ እሷ። እንዲመጡ ለመንኩ። እውነቴን ነው፤ ይህን የምጽፈው ለማንም ለማሳየት አይደለም።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አራርሳ ከአጥሩ ጥግ «ጀልዴሲ ዱፌ!» ብሎ ጮኸ።

ሚስኪ የመልእክቱን መዘግየት ጮክ ብላ ታነብ ጀመር። «ሦስት ሺኛ ሰከንድ። ሦስት። አርባ። ሁለት መቶ ስድሳ።» ምስሉ ላይ ሽማግሌው ዝንጀሮ ቆም ብሎ ካሜራውን ቀና ብሎ አየው፣ ሌሎቹ በግራም በቀኝም ፈሰሱ። «ስምንት መቶ። የለም። የለም።»

መብራቷ በራች። የጣት ጥፍር የምታህል ቀይ መብራት ናት።

ወይዘሮ ምንዳዬ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይደገም» አሉ።

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያልፋሉ» አልኩ።

ነሐሴ 30

ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ ተደገመ። ተጨማሪ ማስረጃ አልተፈለገም።

ሚስኪ ቋሚ ናት። ብሬከሩ ካልሰማ እንዲቆርጥ ተመልሷል፤ እሷው ናት የመለሰችው። እኔ ከፈረቃ ኃላፊነት ተነሥቻለሁ፤ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያም ተጽፎልኛል። አቶ መገርሳ ደብዳቤውን ሲሰጡኝ አይኔን አላዩም። ትከሻዬንም አልነኩም።

ከሰዓት በኋላ ሚስኪ የክስተቱን ቅጽ ስትሞላ አስጠራችኝ። ወንበር ሰጠችኝ። ይቅርታ ልላት ቃል ሰብስቤ ገብቼ ነበር።

«መጀመሪያ ይኼን እንጨርስ ጋሼ» አለች። «ለምን እንደሰኩት አልጠይቅዎትም። ዝናብ ነው፣ አለቃ አዟል፣ መሰኪያው ባዶ ነው፤ እኔም ልሰካው እችል ነበር። ለምን ነቀሉት? ተሰክቶ ቢቆይ በዚያው ቀን አገኘው ነበር እኮ።»

ቅጹን ወደ እኔ አዞረችው። «ኬብሉ የተነቀለበት ምክንያት» ይላል፤ ከሥሩ ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች አሉ። የአየር ሁኔታ። እንስሳ። የዕቃ ብልሽት። የዕውቀት ማነስ። ሌላ፣ ይገለጽ።

«የዕውቀት ማነስ ልበለው?» አለች። «እሱ ይቀልዎታል። ማስጠንቀቂያውም ሊለዝብ ይችላል።»

ደግሞ በር ከፈተችልኝ፤ ይኼኛው ግን ወደ ውጭ ነው።

«ሌላ በይው» አልኳት።

«ሌላ ምን?»

«ፈርቼ ነው።»

እስክርቢቶዋን አንሥታ ‹ሌላ› በሚለው ፊት ምልክት አደረገች፤ አጠገቡም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት «ፍርሃት» ብላ ጻፈች። ቦታው ጠባብ ነው፣ ግን በቃው። ከዚያ እስክርቢቶውን ሰጠችኝ፣ ፈረምኩ።